አሸዋ የሚሰማ ጆሮ

እፀገነት በቆቦ አንድ ትምህርት ቤት የሙያ አማካሪ ከሆነች ስድስት ዓመቷ ነው። ለተማሪዎች የምትሰጠው መጠይቅ ስምንት ዓምድ አለው። አንዱ ተማሪ በቁጥር ያስባል፣ ሌላው በቃል፣ ሌላው በእጁ፤ የሰው ልብ ቶሎ የሚገባውም አለ። ዓምዱ ከታወቀ የሚስማማውን ሙያ መምረጥ አይከብድም።

የራዊያ ወረቀት ግን አስቸገራት። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ሞልታው በስምንቱም ዓምድ እኩል ዝቅተኛ ነጥብ አገኘች። የክፍል ውጤቷ ግን ጥሩ ነው፤ ደሴ ሄዳ አዋላጅነት መማር ትፈልጋለች። ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል፤ አባቷ በድረዲን ደግሞ አልፈርምም ብለዋል።

እፀገነት ረቡዕ ከሰዓት ቅጹን ይዛ በባጃጅ ወደ ዋጃ በኩል ወረደች። በድረዲንን ደረቁ ወንዝ ውስጥ አገኘቻቸው። ሃያ የሚሆኑ ገበሬዎች ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሽላቸው ለመጥለፍ በአሸዋና በቅርንጫፍ ክትር ይሠራሉ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ራዊያ ከሰዎቹ ራቅ ብላ፣ ጆሮዋን አሸዋው ላይ ለጥፋ ተኝታለች።

በድረዲን ነገሩን በእርጋታ አስረዷት። ዝናቡ ደጋ ላይ ይዘንባል፤ ጎርፉ እዚህ በጠራራ ፀሐይ ይደርሳል። ቀድሞ እናታቸው ይሰሙት ነበር፣ አሁን ራዊያ። ሌላው ሁሉ ሞክሮ አልሰማም።

«የኔ እናት፣ ሌላ ጆሮ አምጪልኝና አሁኑኑ እፈርማለሁ» አሉ።

ይህን ሲሉ ራዊያ እጇን አነሳች። ሰዎቹ ምንም ሳይጠይቁ አካፋቸውን ትተው ወደ ዳሩ ወጡ፤ እፀገነትና ራዊያም ተከተሏቸው። እፀገነት ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ከአሥር ይላል። አንድም ቅጠል አይነቃነቅም። ጎርፉ ሊደርስ ስንት ደቂቃ እንደሚቀረው ጠየቀች። ራዊያ ሩብ ሰዓት አለች።

እፀገነት ሳታጣራ የምታምን ሰው አይደለችም። ወርዳ ልጅቷ በተኛችበት ተኛች።

«የቢሮ ጆሮ ስልክ እንጂ አሸዋ አይሰማም» አለ ይሁኔ የሚባል ገበሬ ከላይ። ሰዎቹ ሳቁ።

አሸዋው ሞቃት ነበር። መጀመሪያ የራሷን የደም ምት ሰማች። ቀጥሎ ከሥሩ የብዙ ሰው እርምጃ፤ ከእርምጃው ጋር ዝግ ያለ ወሬ፣ ገበያ እንደሚሄዱ ሰዎች። የውሃ ድምፅ የሚመስል ነገር አልነበረበትም። አንዱ ድምፅ ከሌሎቹ ተለይቶ ቀረበ።

ተነስታ ወደ ዳሩ ወጣች። ምንም አልሰማሁም ብትል ወደ ቢሮዋ ትመለሳለች፤ ልጅቷ ግን እዚሁ ትቀራለች። ራዊያ ዓይኗን ከእሷ ላይ አላነሳችም።

«ሰዎች ናቸው» አለች እፀገነት። «ብዙ ናቸው። እያወሩ ነው የሚመጡት።»

ሳቁ ቆመ። በድረዲን ወደ እሷ ተጠጉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ቅጹን ተቀበሉና ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ፈረሙ።

ራዊያ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ ተጠጋቻት። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ብቻ» አለች በሹክሹክታ። «እነሱ ስምዎን ሲጠሩ እንዳይመልሱላቸው። አያቴም መጀመሪያ ያስተማረችኝ ይህንኑ ነው።»

እፀገነት አፏን በእጇ ያዘች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስሟ ሲጠራ እንደምታደርገው፣ አሸዋው ላይ እንደተኛች «አቤት» ብላ ነበር።

ከመታጠፊያው ጀርባ ቡናማው ውሃ ግንድ እየገፋ ብቅ አለ። ገበሬዎቹ ወደ ክትራቸው ጫፍ ሮጡ። እፀገነት ከዳሩ ወደ ኋላ ሸሸች፤ አሥር እርምጃ፣ ሃያ እርምጃ። ጆሮዋ መሬት ሳይነካ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ከአሸዋው ሥር የሰማችው ወሬ አሁን ቃል በቃል ይሰማት ነበር።