ለአባቴ የፋርስ ስም ፍለጋ

ልብ ወለዱን ጽፌ ስጨርስ እንኳ እንዲህ አልደከመኝም። ያደከመኝ ለአንድ ሰው ስም መፈለግ ነው።

አሳታሚው ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ ከመናኸሪያ አውቶቡስ የሚነዳ የሐዋሳ ሰው ማን ገዝቶ ያነባል አለኝ። የውጭ ሰው ይሁን፤ ቱርኩ በቴሌቪዥን ተሰልችቷል፣ ፋርስ አድርገው። ለደራሲውም አጠር ያለ የብዕር ስም ይሻላል አለ። ሁሉንም እሺ አልኩ። ሌሎቹ አሳታሚዎች መልስ እንኳ አልሰጡኝም፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ሹፌሩ አባቴ ነው። ሽፈራው ይባል ነበር። ከሞተ ወዲህ ስሙን የሚያነሳ ሰው እያነሰ ሲሄድ አንገበገበኝና መጽሐፉን ጻፍኩ። አሁን ያንኑ ስም በገዛ እጄ ልፍቀው ነው።

ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ሙባረክ የፋርስ ስም መዓት ላከልኝ። ዳርዮስ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የአንበሶቹን ጉድጓድ ነው። ሮስታም የተረት ጀግና ነው፤ ጎራዴ የሚመዝ እንጂ ጎማ የሚቀይር አይመስልም። ፈሪዱንም አልጣመኝም። በመጨረሻ በህራም አልኩት፤ ወድጄው ሳይሆን ታክቶኝ ነው።

እሁድ ከቸርች ስንመለስ፣ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ለእናቴ አነበብኩላት። በህራም በፋርሷ ከተማ በሺራዝ መንገድ ወደ ቤቱ ሲቃረብ አንዴ ጡሩምባ ይነፋል፤ ሚስቱ ይህን ሰምታ ወጥ ታሞቃለች።

«ይሄማ ሽፈራው ነው» አለች እናቴ።

አፈርኩ። አሳታሚው ያለኝን ሁሉ፣ የብዕር ስሙንም ጭምር ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካከለች።

«እሱን በህራም ይበሉት፣ ግድ የለም» አለችኝ። «አንተ በሙሉ ስምህ ስትጠራ እኮ እሱም አብሮ ይጠራል። ያንተንም ከተዉት አባትህ የት ይግባ?»

ሰኞ አሳታሚው ጋ ደወልኩ። በህራም የሚለውን ወደደው። ሽፋኑ ላይ አልአዛር ሽፈራው ተብሎ ካልተጻፈ ግን መጽሐፉን እንደማልሰጠው ነገርኩት።

«ረዘመ» አለኝ።

«ይርዘም» አልኩት።

እያቅማማ እሺ አለ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። ወጡን ልታሞቅ ገባች።