የብርቱካን ዘይትና የአቶ ንጋሲ ወንበር

ስለ ሆድ ድርቀት ማውራት ነውር ነው የሚል ሰው ሆዱ ደርቆ አያውቅም። የኔ ደርቋል፤ ስለዚህ አወራለሁ። ያልወደደ ጆሮውን ይድፈን።

ከደንቢያ ተነስቼ አስመራ የሄድኩት ለስለት ነው። ልጄ ደርበው ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ በኋላ ለመንግሥት ሥራ ወደዚያ ተዛውሮ፣ እዚያው ኣስመረት የምትባል የአገሩን ልጅ አገባ። የመጀመሪያው ፅንስ ወረደባቸው። ሁለተኛውን ስታረግዝ የሰፈሬን የጊዮርጊስን ደጅ ስሜ፣ «ይህኛው በሕይወት ከመጣ የክርስትናው ዕለት በገዛ ክንዴ ታቅፌ ደጅህ አደርሰዋለሁ፤ ለማንም አላሳቅፍም» ብዬ ተሳልኩ። ቅዱሱ ሰማኝ፤ ወንድ ልጅ ሰጠን። አስመራ ውስጥም ኮረብታ ላይ ቤት ጊዮርጊስ የሚባል ቦታ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑም እዚያው ነው ሲሉኝ፣ ጉዳዬ ያለቀ መሰለኝ። አላለቀም ነበር።

ደርበው የተከራየው ቤት ማይ ተመናይ የሚባል ሰፈር ነው። የሽንት ቤቱ በር የሚከፈተው ሳሎን ላይ ነው። የሠራው ሰው ምን እንደነካው አላውቅም፤ እንግዳ እየበላ ያዳምጥ ብሎ ይሆናል። ውስጡ ደግሞ የሚጎተት ሰንሰለት አለ፤ ሲጎትቱት በክረምት እንደሞላ የአንገረብ ወንዝ ያጓራል። ያ እንኳ ይሁን። ትልቁ ችግር አቶ ንጋሲ ነበሩ።

አቶ ንጋሲ የኣስመረት አባት ናቸው። ባቡር ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ኮታቸው የማይወልቅ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ የሚያኖሩ ጨዋ ሰው። የልጅ ልጄን ልይ ብለው በጠዋት ይመጣሉ፤ ወንበራቸው ከዚያ በር ትይዩ ነው፤ እስኪመሽ ከዚያ አይነሱም። የሚነሱት እኔ ስነሳ ብቻ ነው።

ብድግ ባልኩ ቁጥር ብድግ ይላሉ። «ወዴት ወይዘሮ ባፈና? ምን ጎደለ? ይቀመጡ፣ እኛ እናምጣልዎ።» የልጄ አማት ባርኔጣውን ይዞ ፊቴ ቆሞ ወዴት ነው ሲለኝ ምን ልበል? «ኧረ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» እልና እቀመጣለሁ። እሳቸውም ይቀመጣሉ። ሆዴም ይቀመጣል። በአገሬ ጓሮ አለ፣ ከጓሮው ማዶ ግራር አለ፤ ወዴት ነሽ የሚል የለም። አስመራ ያለው ጓሮ በሰው መስኮት የተከበበ ነው። ማታ አቶ ንጋሲ ሲሄዱ ደግሞ ደርበው ክፍሎቹን ለእኛ ለሴቶቹ ለቆ እዚያው ሳሎን በሩ ሥር ፍራሽ ያነጥፋል።

አራሷን የምትጠብቀው እናቷ ጸሃይ ናት። የአራስ ገንፎ እየሠራች፣ ገዓት ይሉታል እነሱ፣ መሐሉን በቅቤ ሞልታ ለኔም ታቀርብልኛለች። አማት ያቀረበችውን መመለስ ስድብ ነው፤ በላሁ። ውሃ እንዳላበዛ ግን ተጠነቀቅኩ፤ የጠጣ መነሳቱ አይቀርማ! ከደንቢያ ተልባ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ለሆድ ከተልባ የሚበልጥ የለም። ያመጣሁት ግን ለአራሷ ስጦታ ነው። የሰጠሁትን መልሼ «ለኔም በጥብጡልኝ» ልበል? ሞቼ እገኛለሁ!

የክርስትናው ሳምንት ሲደርስ ሆዴ ከበሮ ሆነ። ወገቤ አልቀና አለ። ሕፃኑን ሲያሳቅፉኝ ክብደቱ ሆዴ ላይ ሲያርፍ ላብ ያጠምቀኛል። ደርበው አየኝና፣ «እማዬ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» አለ።

«ምን ልሆን? ብርድ ነው።»

«እንግዲያው እሑድ ልጁን የኣስመረት እኅት ትታቀፈው። አንቺ መኪናው ውስጥ ትቀመጫለሽ።»

ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ሕመሙን እችለዋለሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስን ግን «ሆዴ ደርቆ ነው፣ ሌላ ሰው ልኬልሃለሁ» ልለው ነው?

በማግስቱ ጸሃይ ሕፃኑን አጥባ በወይራ ዘይት ስታሸው አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ጸሃይ ጉረኛ ናት። ከአንዲት የጣሊያን ሲኞራ ጋር ጎረቤት ሆና የዘይት መድኃኒት ተምራለች፤ ከፋርማቺያ፣ ከመድኃኒት ቤት ማለት ነው፣ የገዛቻቸው ጥቃቅን ጠርሙሶች ከእጇ አይለዩም። ለጉንፋን የባሕር ዛፍ፣ ለራስ ምታት የናና ታዛለች። የአቶ ንጋሲን ራሰ በራ እንኳ የሆነ ነገር ትቀባው ነበር፤ አንዲት ፀጉር አላበቀለም።

«ወይዘሮ ባፈና» አለችኝ እጇን ሳታቋርጥ፣ «እርስዎ ከመጡ ወዲህ ያ ሰንሰለት በእርስዎ እጅ ሲጎተት አልሰማሁም።»

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። «የሰው ሰንሰለት ትጠብቂያለሽ እንዴ?»

«ዋእ! ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል፤ ምን መጠበቅ ያስፈልገዋል?»

«ለዚያ አይደል እንዴ የማልጎትተው!» አመለጠኝ።

ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥታ፣ እኔን ወደ መኝታዬ አስገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ዋእ! ምን ዓይነት ሴት ነዎት! መንግሥታችሁ አገራችን ሲገባ በር አላንኳኳም፤ እርስዎ አንዲት በር መግፋት ፈሩ?»

«መንግሥቴ ሲገባ አቶ ንጋሲ ብድግ ብለው ወዴት ነው አላሉትም!» አልኳት።

ይህን ስል እኔም ሳቅኩ፤ ስስቅ ሆዴ ወጋኝና አቃሰትኩ። ሳቋን አቆመች።

«ይተኙ» አለች። «ሆድዎን ላሽልዎ።»

«በልጄ አማት እጅ? ሆዴን?»

«እሑድ ልጁን ማን ይታቀፈው? እርስዎ ወይስ ሌላ?»

ተኛሁ። ምን አማራጭ አለኝ?

በሻሂ ብርጭቆ ውስጥ የወይራ ዘይት አፈሰሰች። ከአንዷ ጠርሙስ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት፣ ከሌላዋ የናና ዘይት አንጠባጠበችበት። ከጠርሙሱ በቀጥታ እንድትቀባኝ ብነግራት ተቆጣች። «ብቻውን ቆዳ ያቃጥላል። የሚጠጣም አይደለም፤ አንዷ ጎረቤቴ እንደ ጠበል ብትጨልጠው ጉሮሮዋ ተላጠ።»

መዳፎቿን አፋትጋ አሞቀችና ሆዴ ላይ አሳረፈች። በቀኝ ጎኔ ወደ ላይ፣ በጎድኔ ሥር አቋርጣ፣ በግራ ወደ ታች፤ እንደገና በቀኝ ወደ ላይ። በዝግታ፣ ሊጥ እንደምታባብል። ክፍሉ ብርቱካን የተላጠበት ቤት መሰለ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሆዴን የነካ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ እንደ እንጨት ደርቄ ነበር፤ በኋላ ትከሻዬ ላላ፣ ጉልበቴ ላላ፣ ከውስጤ አንድ ነገር ጉር ጉር አለ።

«ሰሙት?» አለች በኩራት።

«ኧረ ዝም በይ፣ አቶ ንጋሲ ይሰማሉ!»

«ኣጆኺ ሓብተይ» አለችኝ። አይዞሽ እኅቴ ማለቷ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እርስዎ ነበርኩ። «ዘይቱ አንጀትን ያባብላል እንጂ አይገፋም። የሚገፋው ሌላ ነው።» ወጥታ በሙቅ ውሃ የተበጠበጠ ተልባ ይዛ መጣች። የራሴን ተልባ! ሳልለምናት። «ለልጄ ያመጣሽላት ብዙ ነው፤ ለአንቺም ይበቃል» አለችኝ። ጨለጥኩት፤ ውሃም ደገምኩበት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ተልባው ሙቅ ስለሆነ ነው አልኳት።

ከዚያ ሳሎን ወጥታ ባሏን ስታዝዝ ሰማሁ።

«ንጋሲ፣ ተነስ። ዓዲ ጓዕዳድ ዘመዶቻችን ጋ ሂድና ለድግሱ ዶሮ አምጣ።»

«ዶሮ አለ እኮ።»

«አይበቃም።»

«ትናንት ተርፎ ይደፋል ብለሽ አልነበር?»

«ትናንት ትናንት ነው። ባርኔጣህን አትርሳ!»

ደርበው ሥራ ላይ ነው። አራሷና ልጁ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ጸሃይ እኔን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ወጥ ቤት ገባችና ሙቀጫ መውቀጥ ጀመረች፤ ዱቅ፣ ዱቅ፣ ዱቅ፣ ቤቱ እስኪናጋ። በወጥ ቤቱ በር ሳልፍ ዓይኔን ጣል አደረግኩ። ሙቀጫው ባዶ ነበር።

የሆነውን ሁሉ አልናገርም፤ ብልግና ልክ አለው። ጊዜ ወሰደ፤ በላብም ታጠብኩ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስንም በስሙ ጠራሁት። በመጨረሻ ሰንሰለቱን ስጎትተው አንገረብ ሞላ። ሙቀጫው ቀጥ አለና ከወጥ ቤት እልልታ ቀለጠ!

አልማዝ የምትባል ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «ምን ምሥራች ተገኘ ወይዘሮ ጸሃይ?»

ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ትንፋሼን ዋጥኩ። ይቺ ጉረኛ፣ የዘይቷን ዝና ለመንዛት እንዲህ ያለ ቀን የት ታገኛለች?

«እሑድ ልጃችን ክርስትና ይነሳ የለ?» አለች ጸሃይ። «ጉሮሮዬን እየሞከርኩ ነው።»

ስለ ዘይቱ እግዜር ይስጣት፤ ስለ ተልባውም ይስጣት። ስለዚያች አንዲት መልሷ ግን እስከ ዛሬ በጸሎቴ ስሟን ሳልጠራ አላድርም።

እስከ እሑድ ድረስ ማታ ማታ አሸችኝ፤ አቶ ንጋሲንም በየቀኑ አንድ ነገር እንዲያመጡ ላከቻቸው። እሑድ መኪናው ከኮረብታው ሥር አወረደን። ልጁን ተቀበልኩና ዳገቱን ጀመርኩ። ወገቤ ቀጥ ብሏል። ነጠላዬን ደርቤበት ስወጣ የኣስመረት እኅት ሁለት ጊዜ «ላግዝዎ» አለችኝ፤ ሁለት ጊዜ በዓይኔ መለስኳት። ጸሃይ ከኋላዬ ነበረች፤ መዳፏን ጀርባዬ ላይ አኑራ ወጣች። ደጀ ሰላሙን ስሜ «ይኸው አምጥቻለሁ» አልኩ። ሕፃኑ አዛጋ። የልጅ ልጄ እንደ አያቱ ብርቱካን ብርቱካን ይሸት ነበር።

ድግሱ ላይ ሳሎኑ በካህናትና በጎረቤት ሞላ። በላሁ፤ ጠጣሁ፤ ውሃም ሳልሰስት ጠጣሁ። ከዚያ ተነሳሁ። አቶ ንጋሲ ባርኔጣቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

«ወዴት ወይዘሮ ባፈና? ምን ጎደለ?»

«ምንም አልጎደለም አቶ ንጋሲ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሽንት ቤት ልሄድ ነው፤ ይቀመጡ።»

ደርበው መሬት ብትውጠው በወደደ ነበር። አቶ ንጋሲ እጅ ነስተው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

በሩን ስዘጋ ከወጥ ቤት ሙቀጫ ሲወቀጥ ሰማሁ።