ለእጥበት ሰዓት የሚሆን አስፈሪ ታሪክ

ልብስ ሰፊዋ አስፈሪ ታሪክ አትወድም። ጥላዋን የምትጠራጠር ሴት ናት፤ በር ሲንኳኳ እንኳ መቀሷን ይዛ ነው የምትከፍተው። እንዲያም ሆኖ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት፣ በኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ ታናሽ እህቷ አልጋ አጠገብ ትቀመጥና ሙት የሚነሳበት፣ ሰው የሚያብድበት ታሪክ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች።

ታናሺቱ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷትም «ሚጣ» የሚለው የልጅነት ስም አልለቀቃትም። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ከከዷት ሰባት ወር ሆኗል። ደሟ በቱቦ ወጥቶ፣ በማሽኑ ታጥቦ እስኪመለስ አራት ሰዓት ሙሉ ክንዷን አታንቀሳቅስም፤ ስለዚህ መጽሐፍ መያዝ ቀርቶ ማስነበብ ሆነ። የምትፈልገውም አጫጭር አስፈሪ ታሪኮችን ብቻ ነው።

«ምነው ደህና ነገር ብትሰሚ?» አለቻት እህቷ አንድ ቀን። «የፍቅር፣ የሚያስቅ...»

«የፍቅሩ ያስለቅሰኛል። ረጅሙን ደግሞ ልጨርሰው አልጨርሰው በምን አውቃለሁ?» አለች ሚጣ። «ይሄ በሃያ ደቂቃ ያልቃል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ የሚፈራው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ አርፋለሁ፣ እታለም።»

በሚቀጥለው አልጋ የሚታጠቡት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌርም ጆሯቸውን ጥለው ነበር የሚሰሙት። «ሲስተር፣ ማሽኑን ቀስ አድርጊልኝ፤ ታሪኩ ሳያልቅ ታጥቤ እንዳልወጣ!» እያሉ ነርሷን ያስቋታል።

ልብስ ሰፊዋም አብራ ትስቃለች፤ ግን የደበቀችው ነገር አለ። ከአምስት ወር በፊት ኩላሊቷ ለእህቷ ይሆን እንደሆነ ተመርምራ ነበር። ምርመራው የተሠራው ከሆስፒታሉ ውጪ ስለነበር ውጤቱን የተቀበለችው ራሷ ናት። ይገጥማል ይላል። ወረቀቱን አጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከትርፍራፊ ጨርቅ ሥር ከተተችው። ከዚያ ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ ለሐኪሙም ለእህቷም «አልገጠመም» አለች። ሚጣ ያን ዕለት ራሷ ነበረች ያጽናናቻት፤ «አንቺ ምን ታደርጊ!» ብላ።

እናታቸው ቀላል ነው በተባለ ቀዶ ሕክምና ገብታ አልወጣችም። ልብስ ሰፊዋ ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የእናቷን ጫማ ታቅፋ በር ላይ ስትጠብቅ ዋለች። ከዚያ ወዲህ የቀዶ ሕክምና ክፍል በር ባየች ቁጥር ዞራ በሌላ መንገድ ትሄዳለች።

አንድ ሰኞ ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠሯት። «የክንዷ የደም ሥር እየተዘጋ ነው። የአንገቷንም ሞክረነዋል። ማሽኑን የምናገናኝበት ቦታ እያጣን ነው» አሏት። «ሌላ ዘመድ የላችሁም?»

«የለንም፣ ዶክተር» አለች።

ስትመለስ ሚጣ ከንፈሯ ነጥቶ ጠበቀቻት። የመጽሐፉ ታሪኮች ሁሉ አልቀዋል፤ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠው ሰውዬም ሌላ የለኝም ብሏል።

«ከራስሽ ፍጠሪያ» አለች ሚጣ።

«እኔ ምን አውቄ?»

«የምትፈሪውን አውሪ፤ ሌላ ምን አለው!»

ሹፌሩም «በይ ልጄ፣ አታስለምኚን» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ጣቶቿን እያፍተለተለች ጀመረች። «አንዲት ሴት ነበረች። ቁም ሣጥኗ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ። ቀን ሥራ ላይ ሆና እንኳ ወረቀቱ ሲተነፍስ ይሰማታል። ጨርቅ ትደርብበታለች፤ አይታፈንም። ሌላ ሰው ፊት ስትቆም ልብሷ ውስጥ የገባ ይመስላታል...»

«ኧረ ይሄስ ጥሩ ነው!» አሉ ሹፌሩ። «ወረቀቱ ምን ይላል?»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከሹፌሩ ወደ እህቷ መለሰች። ሚጣ አንገቷን ቀስ ብላ አዞረች።

«ምን ይላል፣ እታለም?»

«ይገጥማል» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ይገጥማል ነው የሚለው፣ ሚጣዬ።»

ሹፌሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሚጣ አልጮኸችም። «ስንት ጊዜው ነው?» አለች።

«አምስት ወር።»

«ሲስተር» አለች ሚጣ፣ ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላ፤ «ይቺን ሴት አስወጪልኝ።»

በማግሥቱ ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ይዛ ሐኪሙ ቢሮ ገባች። አልተቆጧትም፤ እሱ ባሰባት። አንብበው «እንደገና እንመረምራለን። ግን እህትሽ ከእሷ አልቀበልም ብላለች፤ ማስገደድ አንችልም» አሏት። ሦስት እጥበት ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ዋለች። የምትሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮ ቀረ። ነርሷ በወጣች ቁጥር ትነሳለች፤ ነርሷም ራሷን ነቅንቃ ታልፋለች።

በአራተኛው እጥበት የሚጣ የደም ግፊት ወርዶ ሰው ሲሯሯጥ አየች። ፈቃድ አልጠየቀችም። ጥሳ ገብታ አልጋው ሥር ተንበረከከች።

«ስደቢኝ፣ ምቺኝ፣ ግን ውሰጂው!»

ሚጣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «ዋሽተሽኛልና ጠላሁሽ፤ እውነት ነው» አለች። «ግን እምቢ ያልኩት በሱ ብቻ መሰለሽ? እናታችንን እኔም አስታውሳለሁ። እዚያ ክፍል ገብተሽ ብትቀሪስ? ባንቺ ሞት ልኑር?»

«እኔም እፈራለሁ። አሁንም፣ እዚሁ ሆኜ፣ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነው! ደፈርኩ ብዬ ሌላ ውሸት አልዋሽሽም። ፈርቼ ነው የምገባው።»

ሚጣ ነፃ በሆነው እጇ የእህቷን ፀጉር ጨምድዳ፣ የሚያም አድርጋ ጎተተችው፤ ሳትለቅም «እሺ» አለች።

ምርመራው ሁሉ ሦስት ሳምንት ወሰደ። ቀኑ ሲደርስ ልብስ ሰፊዋን በተሽከርካሪ አልጋ ሲገፏት የነርሷን እጅጌ ይዛ አልለቅም አለች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቋት።

ስትነቃ ጎኗ እንደ እሳት ይፋጃል። «እህቴስ?» አለች።

«በሕይወት አለች። ኩላሊቱ ግን ገና ሽንት አልሠራም» አለቻት ነርሷ።

በሁለተኛውም ቀን አልሠራም። ሐኪሙ «አንዳንዴ ይዘገያል» ብለው ዓይኗን ሳያዩ ወጡ። ልብስ ሰፊዋ ስፌቷን በእጇ ደግፋ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ እስከ እህቷ ክፍል መስታወት ሄደች። ሚጣ ዓይኗን ጨፍናለች። ልብስ ሰፊዋ ያለፈውን አምስት ወር አሰበችው፤ ወረቀቱን በጊዜው ሰጥታ ቢሆን የሚጣ ሰውነት እንዲህ ሳይደክም ነበር ኩላሊቱን የሚቀበለው። ግንባሯን መስታወቱ ላይ ደግፋ፣ ነርሶች ወደ አልጋዋ እስኪመልሷት ድረስ እዚያው ቆመች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነርሷ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። «አርባ ሚሊ!» አለች። «ሽንት፤ አርባ ሚሊ!»

«ብዙ ነው?»

«ትንሽ ነው። በጣም ትንሽ ነው። ዶክተሩም ገና አትደሰቱ ብለዋል።»

«እስኪ ድገሚልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ።