ስንዝር ያጠረው ጠመንጃ

ድንቢጥ የሚለውን ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። ስትወለድ ትንሽ ነበረች፤ ካደገችም በኋላ ቢሆን ብዙ አልጨመረችም። የአባቷ ጠመንጃ ደግሞ አቤት ርዝመቱ! ሰደፉን መሬት አስነክታ አጠገቧ ስታቆመው አፈሙዙ ትከሻዋን ያልፋል። አባትየው ዐይናቸው ደክሞ ሰውና ግንድ መለየት ሲያቅታቸው፣ ጠመንጃውም አደኑም ለእሷ ተላለፈ።

አደን ሲባል ለጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ቤታቸው ጫካው ጥግ ነው። ከቤቱ ጀርባ የድንች ማሳ አለ፣ ከማሳው ጀርባ ደግሞ የዱር አሳማ። አሳማ ድንች በልቶ ብቻ ቢሄድ ምን ነበረበት! ያርሰዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ሲጠግብም ይተኛበታል። ባለፈው ዓመት ግማሹን ማሳ እንዲሁ ጨረሱት። ከተማ የሚኖረው ወንድሟ "ዘንድሮም ከተበላ ቤቱን ዘግታችሁ እኔ ጋ ትገባላችሁ" ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። አባትየው ከተማ? አራተኛ ፎቅ ላይ? በሳምንቱ ነው የሚሞቱት። ይህን ድንቢጥም ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ የማያውቀው ወንድሟ ብቻ ነው።

እሷም አልሰነፈችም፤ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ተነሥታ ቁጥቋጦው ውስጥ ታደፍጣለች። ግን አሳማው ከተፍ ሲል ጠመንጃውን ላዙር ብትል አፈሙዙ ቅርንጫፍ ይይዝባታል። ከቅርንጫፉ ስታላቅቀው አሳማው የለም። አንደኛው እንዲያውም ዞር ብሎ ያያት መሰላትና ንድድ አለች።

"አባዬ፣ ቱቦውን ትንሽ ብናሳጥረውስ?" አለቻቸው አንድ ቀን።

"ምን አልሽ?" አሉ፤ የጎረሱት ከአፋቸው ሊወድቅ። "አረር የሚሮጠው በቱቦው ርዝመት ነው! ስንዝር ቁረጪለትና አሳማው ጎን ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ቆስሎ ጫካ ገብቶ ሲሰቃይ ለሚከርመው አውሬ ማን ሊጠየቅለት ነው? ስሚኝ፣ የዚህችን ጠመንጃ ጫፍ የነካሽ ቀን ዕቃዬን ጠቅልዬ ወንድምሽ ቤት እገባለሁ!"

አባቷ ደግሞ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ድንቢጥ ዋጥ አደረገችው። ግን ማሳው በየቀኑ እየተገለበጠ ስንት ቀን ይዋጣል? ጠመንጃውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልላ፣ "ላስጠርገው ነው" ብላ ጠመንጃ ጠጋኙ ጋ ሄደች።

ጠጋኙን ሰው ሁሉ ሞረድ ይለዋል፤ ሞረድ ከእጁ ስለማይለይ ነው። ሱቁ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ሥር ብረት ጨምድዶ የሚይዝ ሞርሳ፣ ግድግዳው ላይ መጋዝ፣ ወለሉ ላይ የብረት ብናኝ። አባቷን ከድሮ ጀምሮ ያውቃቸዋል። ነገሩን ሰምቶ አንገቱን አከከ።

"አባትሽ አልተሳሳቱም እኮ" አላት። "ባሩዱ ሲነድ ጋዙ አረሩን ከኋላው ይገፋዋል። ቱቦው ሲረዝም የሚገፋበት መንገድ ይረዝማል፣ አረሩም ይፈጥናል። ግን ዋናው ግፊት መነሻው ላይ ነው። ጋሪ ስትገፊ ታውቂው የለም? ጉልበትሽ የሚያልቀው ስታስነሺው ነው። የዚህ ቱቦ ጫፍ ላይ ሲደርስ ባሩዱ ነዶ አልቋል፤ የሚገፋው የቀረችው ትንፋሽ ናት።"

"ስንዝር ብንቆርጥ እኔ ምን አጣለሁ ታዲያ፣ ጋሽ ሞረድ?"

"ከፍጥነቱ አንድ አሥረኛውን እንኳ አታጪም። ከተራራ ማዶ የምትተኩሺ ከሆነ አረሩ ቶሎ ይወርድብሻል፤ አንቺ የምትተኩሺው ከማሳ ጥግ ነው። ብቻ ይጮኻል። ጋዙ ጉልበቱን ሳይጨርስ ስለሚወጣ እንደ ጉድ ይጮኻል!"

በአፍ ብቻ አልተወውም። ከሱቁ ጀርባ ካለው የአፈር ቁልል ፊት የአረር ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ተክሎ፣ ቱቦው ሳይቆረጥ አስተኮሳት። ከዚያ ሞርሳው ላይ አስሮ ቆረጠው፣ ጫፉን በሞረድ አስተካከለ፣ የፊተኛውን ማነጣጠሪያ መልሶ ተከለና እንደገና አስተኮሳት። ቁጥሩ ወረደ፣ ግን እሱ እንዳለው ትንሽ ነው። ድንቢጥ ጠመንጃውን ወደ ትከሻዋ አነሣችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ልኳ ሆነ! ሞረድን አንገቱን አቅፋ በብረት ብናኝ የተሞላ ጉንጩን ሳመችው። "በቃ በቃ፣ ላብ በላብ ነኝ" አለ ሰውየው አፍሮ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ትልቁ አሳማ መጣ። አፈሙዙ ቅርንጫፍ አልያዘም። ተኮሰች፤ አሳማው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ወደቀ። ሰማዩ ግን የተቀደደ ነው የመሰለው። አባትየው ከዘራቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ወጡ።

"ይኼ ነው ጠመንጃ! ሞረድ ምን አድርጎላት ነው? ጉልበቷ ጨመረ እኮ!"

ድንቢጥ ጠመንጃውን ወደ ኋላዋ ሸሸግ አደረገችው። "ጠረጋት" አለች።

አባትየው ለጎረቤቱ ሁሉ የጠመንጃቸውን ጉልበት አወሩ። እሷም ባወሩ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ከተተኮሰ በኋላ ጠመንጃ መወልወል በዚያ ቤት የአባት ሥራ ነው። ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ የቀራቸው ሥራ እሱ ብቻ ነው፤ በዳበሳ ይወለውሉታል፣ እያንጎራጎሩ። አሁን ግን ጠመንጃውን ከነኩት ማወቃቸው ነው። ስለዚህ ተኩሳ በተመለሰች ቁጥር "እኔው ጠረግኩት፣ አባዬ፣ አይድከሙ" ትላለች፣ ከፍ አድርጋም ትሰቅለዋለች። እሳቸውም "እሺ" ብለው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፋሉ። ያን ባዶ እጅ ላለማየት ፊቷን ታዞራለች።

አሳማዎቹ ሸሹ፣ ድንቹ ደረሰ። አንድ ረፋድ ላይ ማሳው ውስጥ እየቆፈረች ሳለ ድንገት ትዝ አላት፤ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ትታዋለች። መወልወያው ዘንግ ደግሞ ከጎኑ ነው! ዘንጉን አባቷ ከጠንካራ እንጨት ጠርበው የሠሩት በድሮው ቱቦ ልክ ነው። ቱቦውን አሳጥራ ዘንጉን ረሳችው! ከኋላ ሲያስገቡት ከአፈሙዙ ስንዝር ሙሉ ብቅ ይልባቸዋል። ዐይነ ስውር ቢሆኑ እንኳ ይህን አያጡትም።

መቆፈሪያዋን ጥላ ሮጠች። ዕቃቸውን ሲጠቀልሉ ታያት፣ የወንድሟ ፎቅ ደረጃ ታያት።

አባትየው ተቀምጠዋል። ጠመንጃው ጭናቸው ላይ ነው፣ ዘይት ዘይት ይሸታል፣ እያንጎራጎሩ ነው። እግራቸው ሥር መጋዝና የእንጨት ብናኝ አለ። ዘንጉን ቆርጠውታል። ስንዝር ያህሏ ቁራጭ ወንበሩ ሥር ወድቃለች።

"ዘንጉ ረዘመብኝ" አሉ ቀና ሳይሉ። "ልክ አስገባሁት።"

ድንቢጥ ጉልበታቸው ሥር ቁጭ አለች። "አባዬ... መቼ አወቁ?"

"የመጀመሪያዋን የተኮስሽ ዕለት ነዋ። የደከመው ዐይኔ ነው፣ ጆሮዬ መቼ ደከመ? ያጠረ ቱቦ ጩኸቱን አላውቀውም?"

"ታዲያ ጉልበቷ ጨመረ ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ያወሩትስ?"

"ምን ላድርግ ታዲያ? አወቅኩ ልበልና ዕቃዬን ልጠቅልል?" አሉና ሳቅ አመለጣቸው። "ምላሴ አስምሎኛል፤ ካላወቅኩ ግን መሐላም የለ፤ የነካሽው ቀን ደግሞ አልፏል። አሳማው እንደሆነ ወድቋል። እኔም ይኸው ቤቴ ነኝ። እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ። ሞረድንም ይስጠው።"

ድንቢጥ ሳቀች፣ ከሳቋ መሐል እንባዋ መጣ፣ ዘይት የነካ እጃቸውን ይዛ ሳመችው። ምስጋናው ለማን ይሁን? ማመስገን የነበረባት እሷ፣ የተመሰገነችውም እሷ!

"ብቻ አንድ ነገር" አሉ፤ ድምፃቸው ቀነሰ። "ዳግመኛ ጠረግኩት እያልሽ ሥራዬን አትቀሚኝ።"

በማግስቱ ጠዋት አንድ ዘግይቶ የቀረ አሳማ ማሳው ጥግ ብቅ ብሎ ነበር። ድንቢጥ ተኩሳ ስትመለስ አባቷ በረንዳው ላይ ጨርቅና ዘይት ይዘው ይጠብቁ ነበር። ቀለሁን አውጥታ፣ ባዶ መሆኑን አይታ፣ ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ አጋደመችላቸው።

"ይኸው አባዬ" አለች። "በጣም ቆሽሻለች።"