ለሚካኤል የተላከው ስንዴ

ዴሳንካ የሚካኤል ዕለት ጠዋት አንድ ነገር ቆርጣ ተነሳች። ቄሱ መጥተው የበዓሉ ዳቦ ሲቆረስ፣ ሻማው እየነደደ፣ ልጇን ራዲቮዬን ከምርጫው እንዲወጣ ታስምለዋለች። በዚያ ሻማ ፊት ቃል ሰጥቶ ያጠፈ ሰው ከቤታቸው ወጥቶ አያውቅም።

ራዲቮዬ በማግስቱ ክራጉዬቫጽ ከተማ አደባባይ ላይ ቆሞ ለፕሬዚዳንትነት እንደሚወዳደር ሊናገር ነው። ለሌላ እናት ደስታ ይሆን ነበር። እሷ ግን የሚታያት ባለፈው ሳምንት በድንጋይ የረገፈው የመኪናው መስታወት ነው። ልጇ የሙያ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሳለ ደህና ትተኛ ነበር። ከንቲባ ሲሆን እንቅልፏ ቀነሰ። ፓርላማ ሲገባ ዜና ሰዓት ሲደርስ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ጀመረች። ባለፈው ጸደይ የሚኒስትር ወንበር ሰጥተውት እምቢ ብሎ የራሱን ፓርቲ ይዞ ሲወጣ ደግሞ የሐዘን ልብሷን ከሣጥን አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

ስላቫ በሚሉት በዚህ በዓል ማንም አይጠራም። የቤቱ ጠባቂ ቅዱስ በዓል ስለሆነ የሚመጣ ራሱ ይመጣል፤ አባወራውም እንግዳ እስካለ ድረስ ቆሞ ያስተናግዳል እንጂ አይቀመጥም። አምና መንገዱ በመኪና ተዘግቶ ነበር። ዘንድሮ እስከ ቀትር የመጣችው ጎረቤቷ ሚሉንካ ብቻ ናት። ራዲቮዬ ግን ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የአረቄውን ጠርሙስ ይዞ፣ በር ላይ እንደ ዘብ ቆሟል።

ሚሉንካ አምና ጎመን ጥቅልሉ ሳይደርሳት ማለቁን አስታወሰችና፣ ዘንድሮ ፖለቲካ ምስጋና ይግባውና ድስቱ በሙሉ የእሷ መሆኑን ተናገረች። ራዲቮዬ ሳቀ። ዴሳንካ አልሳቀችም።

ትንሽ ቆይቶ የፓርቲው መኪና መጣ። የቤልግሬዱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ራሰ በራው ሬልያ፣ በሁለት እጁ ትልቅ ሳህን ይዞ ወረደ። በስኳርና በለውዝ የተሠራ ቅቅል ስንዴ ነው። ላዩ ላይ የራዲቮዬ ስም ተጽፎበታል።

ዴሳንካ ስሙን አነበበች። ቅቅል ስንዴ የሙታን ነው። ሌላው ቤት ለቅዱሱ ይቀቅላል፤ ቅዱሱ ሞቶ ያረፈ ሰው ነውና። ሚካኤል ግን መልአክ ነው፣ አልሞተም። በዚህ ቤት ለሚካኤል ስንዴ ተቀቅሎ አያውቅም። አሁን ደግሞ የልጇን ስም ተሸክሞ ገባ።

"አንተ ሰውዬ፣" አለችው ሚሉንካ፣ "ሚካኤል መቼ ሞተ? መርዶው የደረሰው ለቤልግሬድ ብቻ ነው እንዴ?"

ሬልያ እስከ መላጣው ቀላ። የእነሱ ቤት በዓል ቅዱስ ኒኮላስ እንደሆነ፣ እናቱ በየዓመቱ እንደምትቀቅል፣ ሁሉም ቤት እንደዚያ መስሎት እንዳዘዘ ተንተባተበ።

ዴሳንካ ልጇን እጁን ይዛ ወጥ ቤት አስገባችው።

"ስምህን የሙት ስንዴ ላይ አየሁት። ከዚህ በኋላ ምን እስኪመጣ ልጠብቅ? ቄሱ ሲመጡ በሻማው ፊት ማልልኝ። ተውኩት በል።"

እንደሚከራከራት እርግጠኛ ነበረች፤ መልስም አዘጋጅታለች። እሱ ግን ጠርሙሱን አስቀመጠ።

"እማ፣ ዛሬ የቀሩት ሰዎች ጠልተውኝ አይደለም፣ ፈርተው ነው። እኔም ፈርቼ ከቀረሁ እነሱን ማን ያወጣቸዋል? ግን ማል ካልሽኝ እምላለሁ። ነገም አልሄድም።"

ይህን አላሰበችም። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከመንገዱ ማዶ መጋረጃ ከፈት ብሎ ተመለሰ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ቤት እንዲሁ። ከአርባ ዓመት በላይ አብረዋት የኖሩ ጎረቤቶቿ ዛሬ የሚካኤልን ቤት የሚያዩት ተደብቀው ነው። ፍርሃትን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ በሌላ ሰው ቤት ስታየው ግን አስጠላት።

ቄሱ መጡ። ዳቦውን ከራዲቮዬ ጋር ይዘው እያዞሩ ዘመሩ፣ በመስቀል ቅርጽ ቆርሰው ወይን አፈሰሱበት። ራዲቮዬ ቀና ብሎ እናቱን አያት፤ ማል እስክትለው እየጠበቀ ነው። አማተበችና ቄሱ እንዲቀጥሉ በእጇ አመለከተች።

ጸሎቱ እንዳለቀ ስንዴው ላይ የተጻፈውን ስም በማንኪያ ጀርባ ደምስሳ፣ ሳህኑን አንስታ ወጣች። መንገዱን በመሃል በመሃሉ ይዛ፣ በእያንዳንዱ መጋረጃ ፊት አልፋ፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው የባሏ መቃብር ሄደች። የሙታን ከሆነ ለባሏ ይድረሰው። ስንዴውን መቃብሩ ላይ በተነችውና ባዶ ሳህን ይዛ ተመለሰች።

ሬልያን ነገ መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቀችው። ሦስት ሰዓት ላይ ነው አላት።

"ለእኔም ቦታ ያዝልኝ።"

ራዲቮዬ ሰዉ እንደሚበዛ፣ ግፊያ እንደሚኖር፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣ እንደሚችል ነገራት።

"እዚህ ተቀምጬ በሐሳቤ አሥር ጊዜ ከምገድልህ እዚያ ሆኜ በዓይኔ ልይህ፣" አለች።

ከዚያም ሬልያን ሁለት ሰዓት ተኩል እንዲመጣ አዘዘችው። መንገድ ላይ ጎማ ሊፈነዳ ይችላል።