ቴፑ የበላው አንጓ

«ያንቺ ባንድ መሣሪያው ብልሽት አለበት ይባላል፤ እውነት ነው?» አሉ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት እትዬ ፋናዬ የውሃቸውን ጠርሙስ እየከደኑ።

«የለበትም። እያወቅን ነው የምናስጮኸው» አለች ሀሌታ።

«እሱስ ባሰ።»

አሜሪካ፣ ሲልቬራዶ ራንች በሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሳሎኑ ከቸርች በመጡ ተጣጣፊ ወንበሮች ተሞልቷል። ሀሌታ ከሟቹ አባቷ ከዋለልኝ ፎቶ አጠገብ እንደተቀመጠች ናት። አላለቀሰችም፤ ለቀስተኛውም ይህን ይዞባታል። ምን እንደምታስብ ግን የጠየቃት የለም። ቢጠይቋትም አትናገርም።

ከአራት ሳምንት በፊት ባንዷ የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ዘጠኝ ዘፈን፤ ስድስቱ የራሳቸው፣ ሦስቱ የሌላ ሰው። ከሦስቱ አንዱ አባቷ በወጣትነቱ ለመዘምራን የደረሰው፣ አሜሪካ ከገባ ወዲህ አንዴም ያላዜመው መዝሙር ነው። ከአሮጌ ካሴት ላይ በጆሮዋ ለቅማ አጠናችው። ጊታሩንም ቢሆን ማንም አላስተማራትም። ሁለተኛውን አንጓ ቴፑ በልቶት ነበር። እናቷን መጠየቅ ትችል ነበር፤ መጠየቅ ግን ልማዷ አይደለም። እዚያ ቦታ ላይ አርባ ሰከንድ ሙሉ ጊታሮቹን ብቻ አስጮኸች። የቀረውን ራሷ ጮኸችው።

አልበሙን ለአባቷ በስልክ ላከችለት። መልእክቱን አይቶታል። እሑድ ምሳ ላይ ግን የመኪናሽን ዘይት ቀየርሽ ወይ ብሎ ጠየቃት እንጂ አልበሙን አላነሳም። እሷም ኩራቷ ያዛትና ሰማኸው ወይ ብላ አልጠየቀችም። ባለፈው ማክሰኞ ልቡ ቆመ። መዝሙሬን አረከሰችብኝ እንዳለ ሄደ ማለት ነው? ሦስት ቀን ሙሉ የምታላምጠው ይህንን ነው።

ከሰዓት በኋላ ጌቱ ከሺፍት በቀጥታ፣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ መጣ። ከአባቷ ጋር የሆቴል እንግዶች የሚያመላልስ ሻትል ባስ ይነዳ ነበር። ፎቶውን እጅ ነስቶ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«የምትጮኺው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ አደነቆርሽኝ። እረፍት በወጣን ቁጥር አባትሽ ባሱን ፓርክ አድርጎ ዘፈንሽን ይከፍትብኛል። ‹ኧረ በፈጠረህ› ስለው፣ ‹ቆይ፣ ተራዬ እየደረሰ ነው› ይለኛል።»

«የምን ተራ፣ ጋሼ?»

«ጩኸት ብቻ የሆነበት ቦታ አለ አይደል? እዚያ ላይ ራሱ ይዘምራል። ‹ሌላ ሰው ቢሆን የራሱን ቃል ይሰካበት ነበር፤ ልጄ ቦታዬን ጠበቀችልኝ› አለኝ።»

ሀሌታ አፍ አፉን አየችው። «ታዲያ ለኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ድምፁ ዝጓል። ለልደትሽ ፊትሽ ሊዘምርልሽ እየተለማመደ ነበር። ድምፄ ካልተስተካከለ አትሰማኝም ብሎ። እንዲህ ያለ ኩራት ከማን ጋር እንደሚመሳሰል እንጃ።»

ሀሌታ ሳቀች። በአባቷ ለቅሶ፣ በሰው ፊት፣ ከሆዷ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ሦስት ቀን ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነስቶ ሄደ።

ስልኳን ፎቶው ሥር አስቀምጣ ዘፈኑን ዝቅ አድርጋ ከፈተችው። አንድ ሽማግሌ የሚያጓራው የጣሪያው ማቀዝቀዣ መስሏቸው ቀና ብለው አዩ። ጩኸቱ ሲደርስ ጌቱ በጎርናና ድምፁ ጀመረ፦

«ደጅህ ቢጠብም፣ ጎኔን አዙሬ እገባለሁ…» ቀጣዩ ጠፋበት።

«‹ቀና ብዬም ባልችል፣ ጎንበስ ብዬ እመጣለሁ›» አለች ከሳሎኑ ጥግ እናቷ ከበቡሽ። ከዋለልኝ ጋር የተዋወቁት እዚያው መዘምራን ውስጥ ነው። ዓይኗን ጨፍና አንጓውን እስከ መጨረሻው አዜመችው።

አርባው ሰከንድ አለቀ።

ከበቡሽ ተነስታ ስልኩን ወደ ልጇ ገፋ አደረገችው። ሀሌታ ጩኸቱ ወደሚጀምርበት መለሰችው፤ ድምፁንም ጨመረች።