የሃምሳ ሦስት ደቂቃ አየር

ጠባሳው በተሳሳተው ቅንድብ ላይ መሆኑን እናትየው ያየችው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያውም ለለቅሶ ደራሾች ሻይ ልታቀርብ ትሪ ይዛ ስትዞር።

ልጇ በአምስት ዓመቱ ከደረጃ ወድቆ የተሰፋው ግራ ቅንድቡ ነበር። ሦስት ስፌት። ሐኪሙ ሲሰፋው ጭንቅላቱን ጥብቅ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። ጠረጴዛው ላይ በትልቁ ታትሞ የቆመው ፎቶ ግን ጠባሳውን በቀኝ አድርጎታል። የሸሚዙ ኪስም በቀኝ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው እየገባ የተንሰቀሰቀው ፊቱ ግራና ቀኝ ለተቀያየረ ልጅ ነው።

ትሪውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

"ምነው? አመመሽ እንዴ?" አለች ታላቅ እህቷ፣ ትሪውን ልትቀበላት እየተነሳች።

"ፎቶው በግልባጩ ነው የታተመው። ጠባሳውን እዪው።"

እህትየው ጎንበስ ብላ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ፎቶውን ያተሙት የማተሚያ ቤት ባልደረቦቹ ነበሩ። ልጇ እዚያ አራሚ ነበር፤ ጽሑፉም ሥዕሉም ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት ስህተት የሚለቅም። ባልደረቦቹ በድንጋጤ ላይ ሆነው አጣድፈው አተሙት። እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ "ቆይ፣ አቁሙ!" የሚላቸው ሰው ፎቶው ውስጥ ነበር።

ጥጉ ላይ የተቀመጡት ሁለቱ ጓደኞቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዱ መካኒክ ነው፤ የትም ቦታ ሲቀመጥ ጉልበቱ የት እንደሚገባ የሚጨንቀው ረጅም ልጅ። ሌላዋ ፋርማሲስት ናት። ሦስቱም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ አብረው ነው ያደጉት። ከቀብሩ ወዲህ እነዚህ ሁለቱ ጠዋት እየመጡ አመሻሽ ላይ ይሄዳሉ።

"እናንተ አይታችሁ ነበር?" አለች እናትየው።

"በመጀመሪያው ቀን፣ እትዬ" አለች ፋርማሲስቷ።

"ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ?"

"ለቅሶ ቤት ስህተት ይለቀማል እንዴ ብለን ነው።"

"እሱ ቢሆን ለቅሞ ይጨርሰው ነበር፣ ማዘር" አለ መካኒኩ። "ሬሳ ሳጥኑ ላይ ሳይቀር።"

"አፍህን ያዝ አንተ!" አለች እህትየው።

እናትየው ወደ ማድቤት ገባች። የውሃ ቧንቧውን ከፍታ የሚፈሰውን ቆማ ታይ ጀመር።

ዕድሜዋን ሁሉ ክፉ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ልጇ ትንሽ እያለ ውሃ እንዳይወስደው፣ ኮረንቲ እንዳይዘው፣ ውሻ እንዳይነክሰው ስትሰጋ ኖረች። ሲያድግ ደግሞ ማሽኑ ጣቱን እንዳይበላው። ትምህርት ቤቱ ድረስ እየደወለች "ዛሬ ሳል አለው፣ አደራ ፀሐይ ላይ አታቁሙት" ስትል ዘበኛው ሳይቀር ድምፅዋን ለይቶ ያውቀው ነበር። ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ግን አስባው አታውቅም። ነጭ መስመር የተሰመረበት፣ ልጇ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሻገረው የኖረ መንገድ ነው። ያ ሁሉ ስጋት ዘብ ቆሞ ሳለ፣ ሞት ዘብ ባልቆመበት በር ገባ።

ለማንም፣ ደጅ ለቅሶ ደራሽ ለሚቀበለው ባሏ እንኳ፣ ያልተናገረችው ነገር አለ። የዚያን ዕለት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ደውላለታለች። ጨለማው አስጨንቋት ነው እንጂ ምንም አልነበረም። "አሁኑኑ ወደ ቤት ና" አለችው። "መንገድ ላይ ነኝ እኮ፣ እማ" አላት። ከዚያ መኪናው ገጨው። ባልደውል ኖሮ አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ይወጣ ነበር፣ መኪናውም አልፎ ይሄድ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ይህንኑ ነው የምታመነዥከው። እኔ ነኝ የጠራሁት። እኔ ነኝ።

ሆስፒታል አንሶላውን ሲገልጡላት አላለቀሰችም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ፊልም ሲያይ ድንገት ብድግ ብሎ፣ "እማ! የሞተው ሰውዬ ተነፈሰ! ደረቱን እዪ!" ያላት ትዝ አላት። እውነትም መሬት የተዘረጋው ተዋናይ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ የሞተ ሰው በታየ ቁጥር ዓይኑን ከደረቱ ላይ አይነቅልም። እሷም ሆስፒታል የልጇን ደረት እንደዚያ አየችው። አንድ ስህተት ብቻ ፈለገች። ነርሷ ክንዷን ይዛ እስክታወጣት ድረስ ፈለገች።

ቧንቧውን ዘጋች። ያን ጊዜ ነው ከሳሎን ሹክሹክታ የሰማችው።

"ለአርባ ደቂቃ የሚበቃ አየር ብቻ ነው የቀረው ተባለ አይደል?" ይላል መካኒኩ።

"ተባለ።"

"ካፒቴኑ ደግሞ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጅነቱ፣ ስለማን ያላወራው አለ? የእኛው ልጅ ሰዓት ይዞ ቆጠረ። ሃምሳ ሦስት ደቂቃ!"

"አንተ አይደለህ እንዴ 'ፊልም ነው፣ ልቀቀን' ያልከው?"

"እኔ ያልኩት ካሜራው ወደ ሌላ ክፍል ሲሄድ ያለው ደቂቃ አይቆጠርም ነው!"

"እሱስ ምን አለህ? 'አየሩ ካሜራውን ቆሞ አይጠብቅም።'"

"ለፍላፊ ካፒቴን! ታዲያ የማንን አየር ነው የሳበው?"

ፋርማሲስቷ ሳታስበው ፍርስ ብላ ሳቀች። ሳቋ ለራሷም አስደነገጣትና በሁለት እጇ አፏን አፈነችው። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞረ።

እህትየው ዘላ ተነሳች። "አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ! የፊልም ወሬ! ሳቅ! ውጡ፣ ውጡልኝ ከዚህ!"

"ተያቸው" አለች እናትየው ከማድቤቱ በር። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። "የምን ካፒቴን ነው?"

መካኒኩ ብድግ አለ። "ይቅርታ፣ ማዘር። በቴሌቪዥን የቀረበ ልዩ ዝግጅት ነበር፣ የጠፈር መርከብ ታሪክ። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ነው። የዚያን ዕለት ማታ እኛ ቤት አብረን ነው ያየነው።"

"ስንት ሰዓት ላይ አለቀ?"

"ሁለት ተኩል።"

"አይሆንም። ሁለት ከአሥር ላይ መንገድ ላይ ነበር።"

ሁለቱ ተያዩ። "ማን አለ?" አለች ፋርማሲስቷ ቀስ ብላ።

"ራሱ ነዋ! ደወልኩለት። 'መንገድ ላይ ነኝ' አለኝ።"

"እትዬ..." አለች ፋርማሲስቷ። "ሶፋው ላይ ተጋድሞ ነበር። ጫማም አላደረገም።"

እናትየው ያገኘችው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ከመካኒኩ ቤት እስከዚህ የስድስት ደቂቃ መንገድ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ አደጋው የደረሰው ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው ብሏታል። ከስልኩ እስከ አደጋው ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ይህን ሁሉ ቀን ስታስበው ያን ክፍተት አላየችውም። ዕድሜ ልኩን የልጇን ደቂቃ ስትቆጥር የኖረች እናት!

"ሁልጊዜ ነው እንዴ እንዲህ የሚለኝ?"

መካኒኩ ከጠረጴዛው ላይ ሻዩን አነሳ።

"ንገሩኝ እንጂ!"

"'መንገድ ላይ ነኝ' ካለ ገና ሻይ አላዘዘም ማለት ነው" አለች ፋርማሲስቷ።

እናትየው መስኮት ሥር ቆማ "አሁን ዋናው መንገድ ላይ ደረሰ፣ አሁን ጨለማው ጋ ነው" እያለች ያሳለፈቻቸው ምሽቶች በሙሉ መጡባት። እሷ ስትንቀጠቀጥ እሱ ሶፋ ላይ እግሩን ሰቅሎ ነበር። "እንዴት ያለ ውሸታም ነው የወለድኩት!" አለችና ከደረቷ አንድ ድምፅ አመለጣት። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየችውም። እህቷ ሮጣ ትከሻዋን ያዘቻት።

"ታዲያ ስጠራው አይደለም የወጣው" አለች። "በእኔ ጥሪ አይደለም።"

"አይደለም፣ ማዘር" አለ መካኒኩ። ቆሞ ነው ያለው። ብርጭቆው በእጁ ዘንበል ብሎ ሻዩ ሱሪው ላይ ይፈስሳል፤ ማቃጠሉ ግን አልተሰማውም። "እኔ ነኝ ያስወጣሁት። ሃምሳ ሦስት፣ ሃምሳ ሦስት እያለ አላስቀምጥ ሲለኝ ትራሱን ወረወርኩበት። 'ውጣ ከቤቴ!' አልኩት። ስቀልድ ነው። ጫማውን ሳያስር ገፍቼ አወጣሁትና በሩን ዘጋሁበት። ከደረጃው ላይ 'ሃምሳ ሦስት!' ብሎ ጮኸ። እየሳቀ ነበር። ባልገፋው..."



"አንተ ነህ ለካ!" አለች እህትየው። ከወንዶቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁሉም እናትየውን ያያል።

ለአንድ አፍታ ውስጧ ቀለል አላት፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሦስት ቀን የተሸከመችውን የሚረከብ ሰው ተገኝቷል፤ ፊት ለፊቷ ቆሟል፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ አለ። "ውጣ" ብትለው ወጥቶ ይሄዳል፤ ዕድሜውንም ሙሉ አይመለስም። አፏን ከፈተች።

"ሰዓት ይዞ ነው የቆጠረው?" አለችው።

"እ?"

"ሃምሳ ሦስቱን። በግምት ነው ወይስ ሰዓት ይዞ?"

"ሰዓት ይዞ። በስልኩ። ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ።"

"እንግዲያው እሱ ነው ልክ" አለች። "አየር እንደሆነ ማንንም አይጠብቅም።"

"ማዘር፣ ይቅር በይኝ..."

"ዛሬ ምንም አትጠይቀኝ፣ ልጄ። አላውቅም። ተቀመጥ፣ ሱሪህን አርሰኸዋል።"

አመሻሹ ላይ ለቅሶ ደራሹ እየተሰናበተ ወጣ። ፋርማሲስቷ የማታ ተረኛ ስለነበረች ቀድማ ሄዳለች። መጨረሻ ላይ መካኒኩ ተነሳ። ወዲያ ማዶ ነው የሚኖረው።

"ቆይ" አለችው እናትየው። ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ነጠላ ጫማ አጠለቀች።

"ወዴት ነው?" አለች እህቷ።

"መጣሁ።"

ከቀብሩ ወዲህ መንገዱ ዳር ስትደርስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። መኪኖቹ መብራታቸውን አብርተው ይከንፋሉ። ጠርዙ ላይ ቆመች። መካኒኩ "ማዘር፣ ግዴለም፣ እኔ..." ማለት ሲጀምር የጃኬቱን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። ቁመቱ ከእሷ ራስ በላይ የሚሄደውን ሰውዬ፣ አንደኛ ክፍል እንደሚገባ ልጅ። ወደ ግራ አየች። ወደ ቀኝ አየች። እንደገና ወደ ግራ። አንድ አውቶቡስ እስኪያልፍ ጠበቁ፤ ከዚያም ባዶ የሆነው መንገድ ላይ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ተሻገሩ። ማዶ ስትደርስ እጅጌውን ለቀቀችው። እሱ እያለቀሰ ነበር። ቀና ብላ አላየችውም።

ብቻዋን ተመለሰች። ባሏ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

"የት ሄደሽ ነው?"

"ልጅ ላሻግር" አለች፤ ገብታም በሩን ቆለፈችው።